ደብዛዛዋ የምኒልክ ብር

ለታናሽ የሚደርሰው ከታላቅ የተረፈው ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እኔ ይታየው ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ መልካሙ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር ሄዶ ድጓ ይማር ተብሎ ስንቅ ሲቋጠርለት፣ እኔን ከትምህርት ቤት ጠርተው እርፍ አስጨበጡኝ። እሱ ቄስ ሆነ። እኔ ዛሬ ዓርብ ገበያ በምትባል ከተማችን ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጃንጥላ እጠግናለሁ። የወንድሜንም ሁለት ጊዜ ጠግኛለሁ። ከፍሎኛል፤ እሱን አልክድም።

አባታችን ሁለት የምኒልክ ብር ነበሯቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት የተመቱ። በአንደኛዋ ላይ የአንበሳው ጎፈር ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። በሁለተኛዋ ላይ ግን አንበሳው ፊትም ጎፈርም የለው፤ ጥጃ ይመስላል። አባታችን ሲያረጁ ጠሩንና ባለጎፈሯን ለመልካሙ ሰጡት። ለእኔ ሰም በተቀባ ጨርቅ የተጠቀለለችውን አውጥተው፣ «ላንተ ይቺ ትሁንህ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያቺን ቃል ሠላሳ ዓመት አላመጥኋት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለች ብር ከሚስት አንገት ላይ ነው የምትውል። የመልካሙ ሚስት በየጥምቀቱ የእሷን አጥባ፣ እንደ መስታወት አብለጭልጫ ታስራለች። የእኔዋ የሻረግ ባዶ አንገቷን ትወጣለች። ደብዛዛ ብር አስሬላት ከዚያች ጎን እንድትቆም አልፈለግሁም። ለእሷ ክብር ነው እል ነበር። ለእልሄ ነው። ብሯን ከነጨርቋ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባት፤ የሻረግም አንድ ቀን እንኳ «አምጣት» አላለችኝም።

ባለፈው ግንቦት፣ በአንድ ዓርብ የገበያ ቀን፣ ማቴዎስ የሚባል ከባሕር ዳር የመጣ ጎልማሳ የጃንጥላው ሽቦ ተሰብሮበት ወደ እኔ መጣ። ሽቦውን ሳቃና የድሮ ገንዘብ እየገዛ ለሰብሳቢዎች እንደሚሸጥ አጫወተኝ። ቤቴ ቅርብ ነው፤ ሄጄ ብሬን አመጣኋትና ገና ጨርቋን ሲፈታ፣

«ያለቀች ናት፤ አውቃለሁ» አልሁት። ሰው ሳይንቀኝ ቀድሜ ራሴን መናቅ ልማዴ ነው።

ጠርዟን በሁለት ጣቱ ይዞ በአጉሊ መነጽር ብዙ አያት።

«ማን አለቀች አለዎት፣ ጋሼ?»

«አይታይህም? አንበሳው የት አለ?»

«ያለቀች ብር ከፍ ከፍ ያለው ቦታዋ ይላጫል። የእርስዎ ቆዳዋ እንኳ አልተነካም፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ኪስ አታውቅም፣ እጅ አታውቅም። ስትመታ ነው የላላችው። ማተሚያው ብረት መሀሏን አጥብቆ አልረገጣትም።»

«ታዲያ ያው አይደለም?»

«የት ያው! እኛ ስለ አንድ ብር ሁለት ነገር ለየብቻ እንጠይቃለን። ስትወለድ እንዴት ነበረች? ከተወለደች በኋላስ ምን ደረሰባት? የመጀመሪያው ምቷ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃዋ። የእርስዎ ምቷ ደካማ ነው፣ ደረጃዋ ግን ከፍ ያለ ነው። ምቷም ሙሉ ቢሆን ሰማንያ ሺህ እል ነበር። አሁን አርባ ሺህ ልስጥዎት።»

ስትወለድ እንዴት ነበረች፣ ከተወለደች በኋላስ ምን ደረሰባት። ስለ እኔ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሁሉም ደብዛዛ መሆኔን አይቶ ነው የሚያልፍ።

«ወንድሜም አለችው» አልሁት። «የእሱ ጎፈሯ ይቆጠራል። በየዓመቱ እየታጠበች ታበራለች።»

ማቴዎስ ፊቱን ቋጠር አደረገ። «ከታጠበች ተበላሽታለች። ሎሚና አመድ ቆዳዋን ይልጠዋል። ሰብሳቢ የታጠበች ብር ሲያይ ይሸሻል። ከእርስዎ አትበልጥም።»

ከእርስዎ አትበልጥም! አርባ ሺውን እዚያው መቀበል እችል ነበር። ግን መልካሙ ካልሰማ ምን ያደርግልኛል? «የሚመጣው ዓርብ ይሁን» አልሁት። «ወንድሜ ባለበት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ትናገራለህ።» ሳቀና እሺ አለ። ወደ ንፋስ መውጫ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈር፣ «እንዳለች ትቀመጥ! ምንም እንዳይነካት!» ብሎ ጮኸልኝ።

ማታ እራት ስንበላ ለየሻረግ፣ «ዓርብ ብራችን ከመልካሙ ብር ጎን ትቀርባለች» አልኋት።

«ጎን ለጎን?»

«ጎን ለጎን።»

«ሰው እያየ?»

«ገበያው ሁሉ እያየ።»

ወጥ ጨመረችልኝ። እኔም ሌላ አልነገርኋትም። አርባ ሺውን አልነገርኋት፤ እንዳትነካ መባሏን አልነገርኋት። እንደ ጎመዠ ልጅ ደስታዬን ብቻዬን ነበር የምልስ። የሣጥኑን ቁልፍ ግን ሰጠኋት፤ ዓርብ እኔ ማልጄ ስለምወጣ እሷ ታምጣልኝ ብዬ።

ዓርብ ደረሰ። ማቴዎስ ሚዛኑንና መነጽሩን ይዞ ከጎኔ ተቀመጠ። መልካሙ መስቀሉን እያሳለመ በሰው መካከል መጣ።

«ምን ጉድ ነው የጠራኸኝ፣ ይታየው? ሰውየው ብር ይመዝናል ወይስ እኛን?»

«ብርዎን ያምጡ፣ ቄስ መልካሙ። ፍርዱን ይሰማሉ» አልሁ። ወንድሜን አንቱ እላለሁ፤ እንዲሰማው አድርጌ ነው የምል።

ማቴዎስ የመልካሙን አገላብጦ አየ። «ምቷ ግሩም ነው፤ እንዲህ ያለ ጎፈር ብዙ አላየሁም። ግን በመታጠብ ብዛት ተልጣለች። አሥራ አምስት ሺህ።»

መልካሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥልን። እኔ ለሽያጭም አላመጣኋት።»

በዚህ መሀል የሻረግ ደረሰች። የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ቶሎ ልትሰጠኝ አልወደደችም፤ እንደ ሙሽራ ነው ብቅ ያደረገቻት።

ብሯ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አበራች። ሎሚ ሸተተኝ።

የሻረግ ብሯን አላየችም፤ እኔን ነው የምታይ። ፊቴ ላይ ደስታዬን ትጠብቃለች። አውራ ጣቷ የተሰነጠቀበት ቦታ ሎሚው በልቶት ቀልቷል። ስንት ጊዜ ብታሻት ነው?

ማቴዎስ መነጽሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «ይቺ ያቺው ናት?»

«ያቺው ናት።»

«ማን አጠባት?»

የሻረግ ፈገግታ ከአፏ ጫፍ ጀምሮ ሲሟሽሽ አየሁ። ምን እንዳጠፋች አላወቀችም፤ ማጥፋቷን ግን አወቀች። እጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ ሰበሰበች። እኔ ሰው የበደለኝን የማልረሳ ሰው ነኝ፤ የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬ የሰደበኝን ስድብ ዛሬም ቃል በቃል እነግርሃለሁ። ያን ጊዜ ግን ደረቴን ብፈልግ ቂም የለም። ያቺን የቀላች አውራ ጣት ብቻ ነበር የማይ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

መልካሙ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ? አንተ እንኳን ብር፣ ፊትህንም በዓል ካልሆነ አትታጠብ!»

ቆመው የሚያዩት ሁሉ አውካኩ። እኔም ሳቅሁ። በወንድሜ ቀልድ መቼ እንደሳቅሁ አላስታውስም።

ማቴዎስ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ምቷ የላላ ብር ያላት ቆዳዋ ብቻ ነበር። አሁን ስድስት ሺህ። እሱም ለእርስዎ ብዬ ነው» አለ።

«አልሸጣትም» አልሁት።

ሰው ሲበተን መልካሙ ወደ እኔ ጠጋ አለ። የየሻረግን እጅ አይቷል መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረ።

«የእኔን እኮ እናታችን ናት ማጠብ የጀመረቻት። ያንተን አባባ አላስነኳትም። ልጅ ሆኜ ጨርቋን ልፈታ ብል እጄን መቱኝ። ‹የይታየው ናት፣ ተዋት› አሉኝ። አንተ ያኔ ገና ትድህ ነበር።»

«ለምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? አልጠየቅኋቸውም። አባባ ይጠየቁ ነበር እንዴ?»

አባቴ ስለ ምትና ስለ ደረጃ አያውቁም፤ አስበው ነው አልልም። ብቻ ገና በእግሬ ሳልቆም አንዲት ነገር ጠቅልለው የእኔ ብለውልኛል። ዕድሜዬን ሁሉ የተረፈው ደረሰኝ ስል ኖሬ፣ ይህን ከማን አፍ ሰማሁት? ከመልካሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ የሻረግ ከኋላዬ ነበረች። አቀበቱ ላይ ቆማ፣

«ለምን ዋሸህ?» አለችኝ።

«አልዋሸሁም። እንዳትነካ ብሎኝ ነበር። ያልነገርሁሽ እኔ ነኝ።»

«ስንት ነበረች?»

ልደብቃት ፈለግሁ። መደበቄ ያመጣውን አሰብሁና፣ «አርባ ሺህ» አልኋት።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ከእሷ ጎን ጠቁራ እንዳትቀርብብህ ብዬ ነው። በሰው ፊት እንዳታፍር።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ሎሚ ጨረስሁባት» አለች፣ ልታለቅስ ነው ስል ሳቀች።

በማግሥቱ የጃንጥላ ዘንግ የምበሳበትን መሣሪያ አውጥቼ ብሯን ከምኒልክ ዘውድ በላይ በሳኋት። ማቴዎስ ቢያየኝ ይጮህ ነበር፤ የተበሳች ብር በሚዛን ብቻ ናት የምትሸጥ ብሎኛል። በጥቁር ክር አድርጌ አንገቷ ላይ አሰርሁላት፤ ጣቶቼ ወፍራም ናቸው፣ ቋጠሮው አልታዘዝ ብሎኝ ትንሽ አቆይቻታለሁ። አልተቆጣችም።

ዘንድሮ ለጥምቀት ከመልካሙ ሚስት ጎን ቆማ እልል አለች። የዋዜማው ዕለት ብሯን ስታጥብ ሎሚውን የቆረጥሁ እኔ ነኝ፤ ለአውራ ጣቷ ብዬ።