ምዕራፍ ሰባት በቃል

እኔን ሌባ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ኮሌጁ ግን በኢሜይል፣ በትህትና፣ «የባዮሎጂ ፈተናው ላይ ኮርጀሻል ብለን ጠርጥረናል፤ ሐሙስ ጄኔቭ መጥተሽ አስረጂ» አለኝ። ካላሳመንኳቸው እባረራለሁ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው።

ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ያለች አንዲት ፎቅ። ተማሪዎቹ ተደምረን ስልሳ አንሞላም። የምማረው አሶሺየት ዲግሪ ነው፣ ጄኔራል ስተዲስ፤ ከታሪኩም፣ ከሒሳቡም፣ ከባዮሎጂውም ትንሽ ትንሽ ያቀምሱናል። የቸርች ሰዎች «ስትጨርሺ ምን ትሆኛለሽ?» ይሉኛል። የጨረሰ ሰው እሆናለኋ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አቋርጬው የተሰደድኩትን ትምህርት አንድ ቀን ጨርሼ ማየት ነው የፈለግሁት።

የምኖረው ከጄኔቭ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቅ ሽሊረን በምትባል ከተማ ነው፤ የምሠራው እዚያው አረጋውያን መጦሪያ። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ፣ በኮምፒውተር እከታተልና ለፈተና ብቻ ጄኔቭ እወርዳለሁ። ሐሙስ ጄኔቭ የምትኖረው ጓደኛዬ ኂሩት ከሥራ አስፈቅዳ ባቡር ጣቢያ ጠበቀችኝና እስከ ኮሌጁ ሸኘችኝ።

«ውቢት፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ኮርጀሻል?» አለችኝ።

«አንቺም?»

«ምን ብዬ ልጸልይልሽ ታዲያ?»

«ሸምድዳ ነው ብለሽ ጸልይልኝ» አልኳትና ደረጃው ላይ ትቻት ገባሁ።

ዲሬክተሩና የባዮሎጂ መምህሬ ማዳም ፔላ የፈተና ወረቀቴን ዘርግተው ይጠብቁኛል። «ሦስት ገጽ ጽፈሻል፤ ከመጽሐፉ አንዲት ቃል አይለይም» አሉ ማዳም። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ደግሞ ‹በሚቀጥለው ገጽ ያለውን ሥዕል ተመልከት› ይላል። በሚቀጥለው ገጽሽ ላይ ሥዕል የለም።»

እውነታቸውን ነው፣ ጽፌዋለሁ። አፈርኩ። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? እኛ አገር ቤት ስንማር ጎበዝ ማለት የተሰጠውን ሳያጎድል የሚመልስ ነበር። አንዴ የራሴን ቃል ብጨምር ቲቸር አስፋ «አንቺ ከመጽሐፉ ትበልጫለሽ?» ብለው ክፍሉ ፊት አንበርክከውኛል። ከዚያ ወዲህ ትራም እየጠበቅሁም፣ አንሶላ እየቀየርኩም እሸመድዳለሁ።

«መጽሐፉን ይያዙልኝ፣ ምዕራፍ ሰባትን» አልኩና ጀመርኩ።

መጀመሪያ ተንተባተብኩ። ልብ አራት ክፍል እንዳለው፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እያልኩ ስሄድ ግን አፌ ተፈታ። ሥዕሉን ተመልከት የሚለውንም አልዘለልኩትም። ዲሬክተሩ አስቆሙኝ፤ ሌላ ገጽ ገልጠው የመጀመሪያዋን መስመር አነበቡና «ቀጥይ» አሉኝ። ቀጠልኩ። ሌላ ገለጡ። እሱንም ቀጠልኩ።

ማዳም መጽሐፉን ዘጉት። «አልኮረጅሽም። ግን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ?»

ይሄኔ ንዴቴ መጣ። እንዲህ እየለፋሁ ደግሞ በቀቀን ልባል?

«መጦሪያው ውስጥ ሄር ቪድመር የሚባሉ ሽማግሌ አሉ» አልኳቸው። «የልባቸው ቀኝ በኩል ደክሟል። ደሙን ወደ ሳንባ በደንብ መግፋት ስላቃተው ወደ ኋላ ይጠራቀምና እግራቸው ያብጣል። ጠዋት ጠዋት እግራቸውን በጣቴ ጫን አድርጌ፣ ጎድጉዶ ምን ያህል እንደሚቆይ ለነርሷ የምነግራት እኔ ነኝ።»

ማዳም የፈተና ወረቀቴን እንደገና አገላበጡ።

«ይሄ የታለ ወረቀትሽ ላይ?» አሉ ማዳም።

«እሱማ መጽሐፉ ላይ የለም» አልኩ።

ማዳም ባዶ ወረቀት አቀበሉኝ፤ አንድ ሰዓትም ሰጡኝ። ስለ ሄር ቪድመር እግር ሁለት ገጽ ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ እዚህም እዚያም ተሰባብሯል፤ ግድ አልሰጠኝም። ማዳም እዚያው አርመው አምስት ከስድስት ጻፉበትና የመኮረጁ ክስ መሰረዙን ዲሬክተሩ ፈረሙልኝ። ዕንባዬ ቢመጣም ደረጃው ጋ እስክደርስ ዋጥኩት።

ኂሩት ስታየኝ ብድግ አለች። «ምን አሉሽ?»

«እንደገና ፈተኑኝ፤ አልፌያለሁ» ብዬ አቀፍኳት፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቅኳትም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

«ሳታጠኚ አይደለም የመጣሽው? እንዴት አለፍሽ?»

«የማውቀውን ጠየቁኝ» አልኳት።