አራት ጣት ኅዳግ

ጋሽ ሀይለማርያም ሞተር ሳያስነሱ የእድላዊትን ስልክ ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ደግሞ አራቁት። እሷ ጎናቸው ተቀምጣ ፊታቸውን ታያለች። ሞንትቤሎ በሚባለው የዴንቨር ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ምድር ቤት ከተከራየች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መንገደኛ ወደ ኤርፖርት ማመላለስ ከመጀመራቸው በፊት፣ ዴንቨር መሀል የምትሠራበት ሙዚየም ያደርሷታል።

ስልኩ ላይ ያለው የአንድ አሮጌ ወረቀት ፎቶ ነው። አሜሪካ ገና ጨቅላ አገር ሳለች ከኖረ ሴናተር ረቂቆች መሀል የተገኘ፣ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ። «ፀደይ ሲመጣ ይህን ሥራ እተዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያስቀረኝ የለም» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የሴናተሩ የግል ጸሐፊ የጆሴፍ ሃርለን ነው። ያ ግን ምንም አይፈታም፤ የሴናተሩን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈው እሱ ነውና። ሙዚየሙ የሴናተሩ ስንብት ነው ብሎታል፤ የኤግዚቢሽኑ መግለጫም ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለኅትመት ይገባል። እድላዊት ዓመቱን ሙሉ ሃርለንን ስታነብ ከርማ፣ በዚህ ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ድምፅ የሰማች መሰላት። ማስረጃ ግን የላትም።

ጋሽ ሀይለማርያም በወጣትነታቸው ለአንድ አውራጃ አስተዳዳሪ አሥራ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተዋል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት አንዱ ላይ እንኳ ስማቸው የለም።

«የድሮ እንግሊዝኛ ቅጥልጥል ጽሕፈቱን ዓይኔ አይችለውም» አሉ። «ወረቀቱን ግን አውቀዋለሁ። ይሄን ለአለቃው አልጻፈውም።»

«በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

«ኅዳግ የለውማ።»

ለአለቃ ረቂቅ ሲዘጋጅ በግራ በኩል አራት ጣት ያህል ባዶ ኅዳግ ይተዋል፤ አለቃ የሚያርምበት። የእሳቸው አስተዳዳሪ ሳያርሙ ፈርመው አያውቁም፤ የሚለውጡት ቃል ሲያጡ ነጠላ ሰረዝ ይጨምሩ ነበር። ለራሱ የሚጽፍን ጸሐፊ ግን ማን ያርመዋል?

እድላዊት ከመኪናው ስትወርድ ደህና ይዋሉ ማለቱንም ረሳችው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለችው። የሴናተሩ ወረቀቶች ያሉበትን ሣጥን ከፍታ ረቂቆቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ስልሳ ሦስት ናቸው። ማስመሪያ እያስጠጋች ለካቻቸው። ስልሳ ሦስቱም በግራ በኩል አራት አራት ጣት ባዶ ናቸው፤ በብዙዎቹ ባዶ ላይ የሴናተሩ እርማት በወፍራም ቀለም ተጭሯል። ያ ፊርማ የሌለው ወረቀት ብቻ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቷል። ይህን ሁሉ ወረቀት ዓመት ሙሉ ስታገላብጥ ቃሉን እንጂ ባዶውን አላየችም ነበር።

አለቃዋ ማርጋሬት መጥታ ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ አየች። ወረቀት አጥሮት እንዳይሆን ጠየቀች። እድላዊት በጓንቷ ገለበጠችላት፤ ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ወረቀት ቢያጥረው ኖሮ ይጽፍበት ነበር። ማርጋሬት መነጽሯን አወለቀች፤ ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ ከመግለጫው ላይ የሴናተሩን ስም ሰርዛ የሃርለንን ጻፈች። ይህን ማን እንዳስተዋለው ከሥር መጻፍ አለበት ብላ ቀና አለች።

ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነበር። እድላዊት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። ጋሽ ሀይለማርያም መንገደኛ አድርሰው ብቻቸውን እየተመለሱ ነበር፤ ድምፃቸው ከአውራ ጎዳናው ጫጫታ ጋር መጣ። የሆነውን እየተቻኮለች፣ ቃል እየተደራረበባት ነገረቻቸው፤ ግድግዳው ላይ ለሚሰቀለው መግለጫ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ የቀድሞ ሥራቸውንም እንደምትፈልግ ጨመረች።

የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ተሰማት።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «መኪናውን ፓርክ ላድርግ።»