ለዋናው ቀብድ

ሾፌሩ ሳጥኑን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል። አውቶቡሱን አስረክቦ በቀጥታ መምጣቱ ነው፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ባለሱቁ አልቸኮለም፤ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ይህን ባለሱቅ ሰፈርተኛው «ዳኛው» ይለዋል። የሚሸጠው የሰሌዳና የካርታ ጨዋታ ብቻ ስለሆነ፣ በጨዋታ ሕግ የተጣላ ሁሉ እሱ ጋ ሄዶ ነው የሚታረቀው።

«ጋሼ፣ የሙከራው ነው እኮ» አለ ዳኛው። «ሠሪው በእጁ ቆራርጦ ያዘጋጀው። የገዛው ሰው ተጫውቶ ጉድለቱን ይነግረዋል፣ እሱም ያስተካክላል። ዋናው የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።»

«በሚቀጥለው ዓመት» አለ ሾፌሩ።

ይቺን ቃል እንደ እሱ የጠላት ሰው አልነበረም። በቀደም ሚስቱ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርቶ፣ «ባለቤትዎ ይህን ዓመት የሚያልፉ አይመስለኝም፤ እንዲያስቡበት ብዬ ነው» ብሎታል። እንዲያስብበት! ምኑን ነው የሚያስበው? ወደ ሚስቱ ክፍል ሲመለስ «መድኃኒቱ ይዞልሻል አሉ» ብሏት አረፈው። እሷም አመነችው። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ምን ብላ ትጠርጥር?

ጨዋታው የጀልባ ጨዋታ ነው። ወንዙ ሳይሞላ በዚህ ዳር ያሉትን ሰዎች ወደዚያኛው ዳር ማሻገር ነው፤ ያውም ሁለቱ ተጫዋቾች ተረዳድተው እንጂ ተፎካክረው አይደለም። ሠሪው ገና «እሠራለሁ» ካለ ጀምሮ የሾፌሩ ሚስት አፏ ላይ ሌላ ወሬ የለም። ልጅ አልወለዱም። እሁድ ከሰዓት ጠረጴዛቸው ላይ ሰሌዳ ዘርግተው ሲጨቃጨቁ ነው ትዳሩ እዚህ የደረሰው።

ግን ሴትዮዋ ሕግ አላት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሥራዋ ላይ ቀልድ የማታውቅ። «ለልክ ብቻ በመርፌ የተያዘ ልብስ ለብሶ ሰርግ አይኬድም» ትላለች። አንድ ጊዜ የሙከራ ጨዋታ ገዝተው ነበር። ዋናው ሲወጣ ግማሹ ሕግ ተቀይሮ ብታገኘው፣ ተናድዳ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ያላለቀ ጨዋታ ያን ቤት ረግጦ አያውቅም። ይህን ዳኛውም ያውቃል፤ ስንቴ ቀልዶባቸዋል።

እንግዲህ መከራውን እዩለት! ከገዛው «ዋናውን አታዪውም» ብሎ እንደ መንገር ነው። ካልገዛው ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችውን ጨዋታ ሳትነካው ልትሄድ ነው። ወዲህ ቢል እሳት፣ ወዲያ ቢል ገደል።

«እትዬ ደህና ናቸው?» አለ ዳኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ደህና ናት» አለ ሾፌሩ ቶሎ ብሎ። ቶሎ ማለቱ ነው ያሳበቀበት። ዳኛው ዓይኑን ሰበረ።

«በል ጠቅልልልኝ» አለ ሾፌሩ በመጨረሻ።

ቤቱ ሳይገባ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን «ለሙከራ» የሚል ወረቀት በጥፍሩ ፋቀው። ሞኝ አትበሉት፤ ሆዱ የባባ ሰው ብልሃት ከየት ያመጣል?

ሚስቱ መስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሳጥኑን ስታይ ፊቷ በራ።

«ወጣ እንዴ?»

«ወጣ። ቶሎ ጨረሰው።»

«አንተ ጉደኛ! ሳትነግረኝ! ና እስቲ፣ ጠረጴዛውን ወደዚህ ሳበው።»

እንዲህ ስታወራ ከሰማት ቆይቷል። ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚያች አፍታ መዋሸቱንም ረሳው።

ሰሌዳውን ዘረጋች፣ ካርታዎቹን ደረደረች። ከዚያ ተሻጋሪዎቹ ሰዎች ያሉባትን ትንሽ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠቻት። የልብስ ቁልፎች ወጡ። ሠሪው የሰዎቹን ቅርጽ ገና ስላላሠራ ያገኘውን ቁልፍ ለቃቅሞ ነበር የከተተው። ሾፌሩ ሱቅ ውስጥ አይቷቸዋል፤ ምንም አልመሰሉትም። ዕድሜዋን ሙሉ ቁልፍ ስትሰፋ የኖረች ሴት ፊት እንደሚዘረገፉ እንኳ አልታሰበውም፣ ምስኪን!

አንዱን አንስታ በጣቷ አገላበጠችው። «ይሄ የሸሚዝ ነው» አለች። ሌላ አነሳች። «ይሄ የካፖርት። ይሄኛው የልጅ ቀሚስ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። እሱ መስኮቱን ያያል።

«ዋናው መቼ ነው የሚወጣው?»

«ይሄ እኮ…»

«አትዋሸኝ። መቼ ነው?»

«በሚቀጥለው ዓመት።»

ቁልፉን ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችው። «ሐኪሙ ነግሮሃል ማለት ነው» አለች።

እሱ አቀረቀረ።

«እኔ እኮ እስከዚያ እደርሳለሁ ብዬ ነበር» አለችው።

ብትቆጣው በተሻለው። ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። እጇን ራሱ ላይ ጥቂት አቆይታ አነሳችውና ቁልፎቹን ወደ ከረጢቱ ትመልስ ጀመር።

«መልስለት» አለች። «ያላለቀ ነገር ቤቴ አይገባም አላልኩህም?»

«አንድ ጊዜ እንጫወት፣ በሞቴ። አንዴ ብቻ።»

«አልጫወትም። ለዋናው ቀብድ ስጥልኝ።»

«እሺ።»

«ዛሬውኑ። ብዙ ሰው ነው የሚጠብቀው፣ እንዳያልቅብኝ።»

ሾፌሩ ወዲያው ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ዳኛው ሳጥኑን ተቀበለ። የተፋቀውን ቦታ አየው፣ የሾፌሩን ዓይንም አየው። ሾፌሩ «ለዋናው ቀብድ ልክፈል» ሲለው ደረሰኙን ከመሳቢያው አወጣ።

«በማን ስም ልያዘው፣ ጋሼ?»

ሾፌሩ ቀብዱን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዳኛው እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቀው።

«በእሷ» አለ። «በእሷ ስም ያዘው።»