ለጎረቤት የተጨመረ ጭረት

«ምንም የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው፤ እርስዎ ቢሆኑልኝ ደስ ይለኛል» አለችኝ ጎረቤታችን፤ ያውም በገዛ ሱቄ፣ ባለቤቴ ቆማ እየሰማች።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት መጋረጃ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቆሜን አልክድም። ቢሆንም ሁለት ነጭ ጨርቅ አምጥተው «አንድ ናቸው» ቢሉኝ፣ የትኛው ወደ ቢጫ፣ የትኛው ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ ከበሩ ላይ ሆኜ እናገራለሁ።

«እንደሱ ከሆነ» አልኳት፣ «ፎቅ ላይ ያለውን ተከራይ ልጥራልሽ፤ እሱ ከኔም የባሰ ነው።»

«አትቆጣ» አለችኝ ባለቤቴ፣ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ። «ዛሬ ገና የሚያውቅህ ሰው አገኘህ።»

ልጅቱ ደነገጠች። «ውይ ጋሼ! እንደሱ ማለቴ አይደለም!»

ከእኛ የሚለያት አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓሣ ታጠናለች። ሰፈሩ «የዓሣ ዶክተር» ይላታል፤ አንዳንዱማ የትኛው ዓሣ እሾህ እንደማይበዛበት ሊጠይቃት ይመጣል። እሷም ቁጭ ብላ ታስረዳዋለች።

«እኔ ራሴ ብቆጥር ዓይኔ ያደላል፤ የምመኘውን ነው የማየው» አለች። «ተማሪዎቼም ምን እንደምመኝ ያውቃሉ። ስለዚህ እኔ የምጠብቀውን የማያውቅ፣ ዓይኑ ግን የሰላ ሰው ያስፈልገኛል።»

ዓይኑ የሰላ የሚለውን ብታስቀድመው ኖሮ መቀሱም ከእጄ ባልወረደ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ክፍሉ ከሱቃችን ብዙም አይሰፋም። ከወለል እስከ ጣሪያ የመስታወት ገንዳ ተደርድሮበታል፤ በቀጫጭን ቱቦ አየር እየገባ ውሃው ይንተከተካል፤ ቤቱ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። በየገንዳው ላይ ቁጥርና ቀን በእርሳስ ተጽፎ ተለጥፏል። ሁለት መቶ ገንዳ ቢሆን ነው፤ አንዱም ሳይጻፍበት የቀረ አላየሁም። እኔ የሦስት ደንበኛ ልክ ተምታቶብኝ የሳሎኑን ለመኝታ ቤት የሰቀልኩ ሰው፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

ሥራው ቀላል ነው። በረጅሙ ገንዳ መሃል በየተራ የምትገባ አንዲት ሴት ዓሣ አለች። በአንደኛው ጫፍ፣ ከመስታወት ወዲያ፣ ጅራቱ ሥር እንደ ከሰል የጠቆረ ነጥብ ያለው ወንድ፤ በሌላኛው ጫፍ ነጥብ የሌለው ወንድ። እኔ ከጥቁር ጨርቅ ጀርባ ተደብቄ በቀዳዳ አያለሁ። በየአስር ሰከንዱ ሰዓቷ ጢጥ ስትል፣ ሴቷ ያለችበትን ወረቀቱ ላይ እጭራለሁ፤ ወደ ጥቁሩ፣ ወደ ሌላው፣ ወይ መሃል። ግማሹን በተራ ነጭ መብራት፣ ግማሹን ደግሞ የተወለዱበትን ወንዝ በሚመስል አረንጓዴ ቢጤ መብራት።

«ሁለተኛው መብራት ለወጉ ያህል ነው» አለችኝ። እኛ የማናየውን የብርሃን ዓይነት ዓሦቹ እንደሚያዩም ነገረችኝ። በዓይኔ የምኮራ ሰው፣ አውራ ጣቴን የምታህል ዓሣ እንደምትበልጠኝ ያን ቀን አወቅኩ።

ጥጉ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ገንዳ ነበር። የዓሣው ጅራት ላይ ብጣሽ ጨርቅ የተጣበቀበት መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ጨርቅ አልነበረም።

«ካንሰር ነው» አለች። «ነጥቡን የሚሠራው ዘረመል እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ነው። በገዛ ወገኑ ውስጥ ሲራባ ሌላ ዘረመል ፍሬን ሆኖ ይይዘዋል። ከሌላ ወገን ሲዳቀል ግን ፍሬኑን ሳይወርሱ የሚወለዱ ልጆች አሉ። ያኔ ነጥቡ የሚያቆመው ያጣል። የዚህ ዘረመል ዘመድ በሰውም ውስጥ አለ፤ ለዚያ ነው የምንለፋው።»

የስልክ ቤት ሠራተኞች የኢንተርኔት ጥቅል ሲያስረዱኝ እንኳ እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ከጨርቁ ጀርባ ሆኜ በስልክ ስትነጋገር ሰማኋት። «ሴቶቹ ጥቁሩን ካልመረጡ፣ ይህ አደገኛ ነጥብ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልጠፋ ማስረዳት አልችልም፤ የሦስት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን ለሌላ ይሰጡታል። ዓሦቹን የት አደርሳቸዋለሁ?» ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ እኔ ምንም የማላውቅ ሰው አይደለሁም።

ሴቷ መሃል ላይ ስታመነታ ወደ ጥቁሩ ጫርኩላት። ፊቷን ብቻ ስታዞርም ጫርኩላት። ለምወደው ደንበኛ ሳይጠይቀኝ አራት ጣት ጨርቅ እንደምጨምረው ማለት ነው። በነጩም መብራት፣ በአረንጓዴውም፣ ሳላዳላ አዳላሁ።

በስምንተኛው ቀን ወረቀቶቹን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ እስከ አራተኛው ቀን ሴቶቹ ይወላውሉ ነበር። ከአምስተኛው ጀምሮ ቆርጠዋል።»

«ሴት ልጅ አስባ ነው የምትወስነው» አልኩ።

«ሁሉም በአንድ ቀን?»

ስልኩን መስማቴንም፣ መጨመሬንም ዘረገፍኩት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ለኔ ብለው ነው» አለች። «አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና ወረቀቶቹን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዘች። የመጀመሪያዎቹን ቀናትም ጭምር።

«ኧረ እነዚያ አራቱ ንጹህ ናቸው!»

«በምን አውቃለሁ?» አለች፣ ሳትቆጣ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበደኝ። «እንግዲያው ቀድደሽ ጣያቸው» ብላትም እምቢ አለች፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑንና የተሰረዘበትን ምክንያት ጽፋ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው። «የሚጠይቅ ሰው የጣልኩትንም ማየት አለበት» አለች። ለወሩ መጨረሻ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷት እንዲህ የምትል ሴት ናት።

ባለቤቴን ለምኜ የላክኳት እኔው ነኝ። ደንበኛን «ይህ ቀለም ቤትሽን ያጨልመዋል፣ አትውሰጂው» ብላ ባዶ እጇን የምትሸኝ ሴት ናት። «ስለ ዓሣው አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ» አለችና አሥራ ሁለት ቀን ተመላለሰች። ስትመለስ «እንዴት ናቸው?» ስላት «ውሃ ውስጥ ናቸው» ትለኛለች።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጅቱ የቤተ ሙከራ ጋውኗን እንደለበሰች፣ እጅጌዋ ውሃ እያንጠባጠበ ሱቃችን ገባች።

«ተሳስቼ ነበር!» አለች፤ እንደ ተመረቀ ተማሪ ፊቷ በርቶ። «በነጩ መብራት ሴቶቹ ግድም የላቸው፤ እኩል በእኩል ነው። በወንዙ መብራት ግን ከአሥር ስምንቱን ጊዜ ጥቁሩን! ሦስት ዓመት ሙሉ ነጥቡ ላይ ሳፈጥ ብርሃኑን ረስቼው ነበር። እትዬ፣ ዓይንዎን ልሳመው!»

«የኔ ጭረት ሳይሰረዝ ቢቀር ኖሮስ?» አልኳት።

«በሁለቱም መብራት ወደ ጥቁሩ ስለሞሉልኝ ልዩነቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። መቼም አላገኘውም ነበር።»

ስለሞሉልኝ አለች እንጂ ስላበላሹብኝ አላለችም። በደግነቴ ግኝቷን ልቀብርባት እንደነበር የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ለብዙ የተማረ ሰው መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ መሳሳቱን ሲያውቅ እንዲህ በደስታ እየሮጠ ጎረቤት የሚጠራ ግን ከሷ በቀር አላየሁም።

ክፍሉን ሁለት ዓመት ጨመሩላት። ደብዳቤውን ያሳየችን ዕለት ሱቅ ስንዘጋ፣ ባለቤቴ በአንደኛው ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን ረጅም ጨርቅ እያጠፍን ነበር።

«ግን እኮ ይገርማል» አልኩ፣ «ዓሣዋ ልጆቿን ሊጨርስ የሚችለውን ነጥብ፣ መብራቱ ስለተለወጠ ብቻ መረጠችው!»

ጨርቁን ወጠር አደረገች።

«ለመሆኑ አንቺ እኔን የመረጥሽኝ በየትኛው መብራት ነው?»

የያዝኩትን ጫፍ ከእጄ ተቀብላ ጨርቁን አጠፈችና፣ ቀና ሳትል፣

«መብራት ጠፍቶ ነበር» አለችኝ።