አሥራ አንድ ማልያ

ባለፈው ጥቅምት የክር ፋብሪካው ቡድን የድሮ ጨዋታዎች እሁድ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት በሜዳችን ላይ እንደገና መካሄድ ጀመሩ። ቡድኑ ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ተጫዋቾቹ ጣሪያ ከሌለው መልበሻ ክፍል ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ዘጠና ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ተመልሰው ይገባሉ። ተከትሏቸው የገባ ሰው የሚያገኘው ፍየሎች ብቻ ነው።

ሁሉም ጨዋታ አይመለስም፤ ሰው የሚያስታውሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ የመጣው የ1957ቱ ነው። ኳሷ አጥር ተሻግራ በሚያልፍ የጭነት ባቡር ላይ ወደቀች፤ የቀረው ሃያ ደቂቃ በጨርቅ ኳስ አለቀ። ቀጥሎ አንበጣ ሜዳውን ሸፍኖት ሳለ በረኛችን ከራሱ በር ለግቶ ጎል ያገባበት መጣ። ከዚያ አምስት ለባዶ መርተን ስድስት ለአምስት የተሸነፍንበት።

ከተማው ቶሎ ለመደው። የበረኛው ባለቤት ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ከጎሉ ጀርባ በርጩማ አስቀምጠው ያያሉ። «እዚህ የማይዘው ኳስ የለም፤ ቤት ውስጥ ግን አንድ ዕቃ አያነሣም ነበር» ይላሉ።

ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ይጮሃል።

«ያገባታል እኮ፣ ምን ያስነሣሃል?»

«ባያገባትስ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያላገባት አልነበረም።

እኔ በዚያ ቡድን ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ። ሰባት ቁጥር ነበርኩ። ጨዋታዎቹ በዓመታቸው ተራ ስለሚመጡ፣ የትኛው እሁድ ምን እንደሚያመጣ ማስላት ከባድ አልነበረም። አጠገቤ የምትቀመጠው ዲንቄም አስልታ ነበር። ዲንቄ የወርዶፋ እህት ናት። ወርዶፋ የኔ ተቀያሪ ነበር። ግንቦት 1970፣ ከጨው ማኅበሩ ቡድን ጋር በተጫወትን ቀን፣ በዋናው በር ወጥቶ አልተመለሰም። ያኔ እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁን ሃምሳ ስምንት ሆኗታል።

«ጋሼ ደምሰው፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚገባው?»

«ሰማንያኛው።»

«ከዚያ በፊት አይታይም?»

«አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ታይዋለሽ።»

«አንተ ለምን ወጣህ?»

«እግሬን አሞኝ።»

የቀረውን አልነገርኳትም። የቀረው እንዲህ ነው።

ፋብሪካው ክር ይሠራል እንጂ ማልያ አይሠራም። ቡድኑ የነበረው አሥራ አንድ ማልያ ብቻ ነው። ተቀይሮ የሚወጣ ሰው መስመሩ ላይ ማልያውን አውልቆ፣ ከነላቡ፣ ለሚገባው ይሰጣል። እንግዶች ይስቁብን ነበር። እኛ ደግሞ ደረቅ ማልያ ለብሶ የገባ ተቀያሪ ሰውነቱ አይፍታታም እንል ነበር።

በዚያ ቀን በእረፍት ሰዓት ማልያ ጠባቂያችን ጋሽ ሐሰኖ የታኬታዬን ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ አለ።

«በሩ ላይ አራት ሰዎች አሉ» አለኝ፤ ቀና ሳይል። «ጨዋታው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ስምህን አያውቁትም። የተነገራቸው ሰባት ቁጥር የለበሰውን ነው።»

ለምን እንደሚፈልጉኝ አውቅ ነበር። በዚያ ዘመን የተፈለገ ሰው ምን እንደሚሆንም አውቅ ነበር። ወርዶፋ ምንም አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ሠላሳ አምስት ደቂቃ አሰብኩበት። ከዚያ እግሬን ያዝኩ። ወርዶፋ ገብቶ ሁለተኛውን ጎል አገባ። በትከሻ ተሸክመው በዋናው በር አወጡት። እኔ በኋላው አጥር ዘልዬ በጥጥ መጋዘኑ በኩል ሄድኩ።

እሁዱ ደረሰ። ዲንቄ ቆሎ ይዛ መጣች፤ አልቀመሰችውም። ወርዶፋ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«እንዴት ትንሽ ልጅ ነው» አለች። «በጣም ትልቅ ይመስለኝ ነበር እኮ።»

በሰማንያኛው ደቂቃ ወጣቱ እኔ ግራ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ተነሣና በቀኝ እግሩ እያነከሰ ወደ መስመሩ መጣ።

«አንተ! አንዱን ምረጥ እንጂ!» አለ ከኋላችን አንድ ሰው። ትሪቡኑ ሳቀ። ዲንቄ አልሳቀችም። የልጁን እግሮች አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የቱን ነበር ያመመህ?»

ተነሥቼ ወደ ሜዳው ወረድኩ።

«አባባ ሊገቡ ነው!»

«ከዘራቸውን ተቀበሏቸው!»

ወርዶፋ ሸሚዙን አውልቆ መስመሩ ላይ ይዘላል። ወጣቱ እኔ ማልያውን አውልቆ ይዞታል። እጄን ዘረጋሁ።

«ለኔ ስጠኝ።»

አየኝ። ፊቴን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ስልሳ አምስት።»

«ልጆች አሉህ?»

«ሦስት።»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ለአንተ ብሰጥህ ያ ሁሉ ይኖራል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ለሱ ልስጠው።»

ከእጁ ነጠቅሁት። ከኔ ይልቅ ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ማልያው እርጥብና ሙቅ ነው።

«አባባ፣ ተራው የኔ ነው እኮ» አለ ወርዶፋ።

የመስመር ዳኛው የጫማዬን ሶል አየና ባንዲራውን አነሣ። ገባሁ። አሥር ደቂቃ ቆምኩ። ኳስ አንድ ጊዜ ነካሁ። ሁለተኛው ጎል አልገባም፤ ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ትሪቡኑ አልጮኸም። ከጥቅምት ወዲህ ሰው የማያውቀውን ውጤት ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ማልያውን እንደለበስኩ በዋናው በር ወጣሁ። አራቱ ሰዎች ካኪ ጃኬት ለብሰው ቆመዋል።

«ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አንደኛው ጀርባዬን ዞሮ አየ። ከዚያ ፊቴን አየ።

«ይለፉ አባባ። እኛ የምንጠብቀው ልጅ ነው።»

«ማልያው ይኸው።»

«ያምርብዎታል። ይለፉ።»

የሚጠብቁትን ሰው ስላላገኙ አልሄዱም። ሰኞም እዚያው ነበሩ። ይኸው አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። አይበሉም፣ አይቀመጡም። በሩ ላይ የምትቀመጠው ሎሚ ሻጭ በመጀመሪያ ቦታ ለወጠች፤ በኋላ ተመለሰች። ወደ ውስጥ አይገቡም፤ የታዘዙት በሩን ነው።

ተጫዋቾቹ በዚያ ቀን እንደ ልማዳቸው ወደ መልበሻ ክፍሉ ገብተዋል፤ ማልያውን የነጠቅሁት ወጣቱ እኔ ግን የት እንደደረሰ አላየሁም። ወርዶፋም አልገባም። ስላልተጫወተ መሰለኝ። አግዳሚው ላይ ቀረ፤ ዲንቄ ወርዳ ነጠላዋን ደረበችለት። አላወቃትም። «እማማ» ይላታል። ወደ ቤት ልሂድ ሲላት «ቆይ ትንሽ» ትለዋለች። የኋላው አጥር ላይ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ተደግፎበታል። መውጫው አንዱ በር ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ጨዋታ መምጣቱም ቆሟል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ኳስ ከግድግዳ ጋር ይመታል። ጢሙ አያድግም።

«አባባ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው?» ይለኛል።

«ይነገርሃል» እለዋለሁ።

ዲንቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አታወራኝም። ጠዋት ጠዋት ምግቡን ይዛ ስትገባ «እያቸው» ትለኛለች፤ ሌላ ቃል የላትም። እኔም ወጥቼ አያቸዋለሁ።

ትናንት ስወጣ አምስት ነበሩ። አምስተኛው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪ ጃኬት ሰጥተውታል፤ ሰፍቶታል፤ ከሥሩ ምንም አልለበሰም። ግራውም ቀኙም እግሩ ደህና ነው። አየኝና ሰላም አላለኝም።

«ስንት ናቸው?» አለች ዲንቄ ከውስጥ።

«አራት» አልኳት።

ያን ጊዜ ወርዶፋ ኳሱን ከግድግዳው ጋር መታ። አምስቱም አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ልጁ ከሰፊው እጅጌ ውስጥ ጣቱን አወጣና ድምፁ የመጣበትን ቦታ አሳያቸው።