ሥራ የለቀቁበት ምክንያት
ስምዖን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ጋንጃ ሲያጨስ ኖሯል። ጎበዝ የሽመና ማሽን መካኒክ ቢሆንም ሰባት ፋብሪካ ቀያይሯል። ሲያጨስ ተይዞ የተባረረበት ጊዜ ግን የለም። አርፍዶ ይገባል፣ የጀመረውን ይረሳል፣ እድገት ሲወጣ ደግሞ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሳይወዳደር ይቀራል።

ማጨሱን ካቆመ በአምስተኛው ወር ሰበታ የሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ጠያቂዋ የጥገና ኃላፊዋ ላሊሴ ነበረች። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እሱ ይሠራበት ወደነበረ ፋብሪካ ለልምምድ ስትመጣ ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው።

«ጋሽ ስምዖን!» ብላ ተነስታ ጨበጠችው። የሞላውን የሥራ ማመልከቻ ፎርም ስታነብ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሥራ የለቀቀበትን ምክንያት ሰባቱም ቦታ ላይ «በግል ጉዳይ» ብሎ ሞልቷል።

«ምን ሆነው ነው?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሌላ ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር፤ ሊዋሻት ግን አልቻለም።

«ጋንጃ ነው፣ ላሊሴ። ማንም አልበደለኝም። ዓመታቱ እንዴት እንዳለፉ እንኳን አላውቅም።»

ላሊሴ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የመካኒክነቱን ቦታ አሁን ልሰጥዎት አልችልም። ረዳት ሆነው ይጀምሩ። አለቃዎ ግን እኔ ያሠለጠንኩት ልጅ ነው።»

ስምዖን አፈረ። ለመነሳት ወንበሩን ገፋ አደረገ፤ ግን መልሶ ተቀመጠ።

«መቼ ልጀምር?» አላት።

ሰኞ ጠዋት ከሚኖርበት ከቡራዩ ሁለት ታክሲ ይዞ መጣ። ወጣቱ አለቃው ከማሽኖቹ ሥር የፈሰሰውን ዘይት እንዲጠርግ አዘዘው። ጠርጎ ጨረሰና ሌላ ሥራ ጠየቀ።