ሚንበርና መንበር

አስጎብኚዋ በዚያ ሙዚየም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ልጁን ሐውልት ትከሻ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሣውን፣ "ይሄ ሁሉ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?" የሚላትን፣ መስታወቱ ላይ ተደግፎ የሚያንቀላፋውን ሁሉ ችላ አሳልፋለች። ትዕግሥቷን ያሟጠጠው ግን ጎብኚ አይደለም፤ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ አዳራሽ ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ነው። በአዳራሹ ግራ የጥንት ክርስቲያኖች ጸሎት ቤቶች ቅሪት፣ በቀኙ የጥንት መስጊዶች ቅሪት ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። ኃላፊው፣ በዕድሜ ታናሽ ወንድሟ የሚሆን ሰው፣ ቢሮው አስጠራትና "ጎብኚው ዕቃውን ያያል፣ ስሙን ግን አያውቀውም። አርባ ቃላት ይምረጡና አጭር መፍቻ ያዘጋጁልን። ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ?" አላት። እንዲህ ያለ ሙገሳ ሥራ አዝሎ እንደሚመጣ ብታውቅም እሺ አለች።

አንድ ወር ከቃላት ጋር ስትታገል ከረመች። አንዳንዱ ቶሎ እጁን ሰጠ። ባዚሊካ፦ በዓምዶች ረድፍ የተከፋፈለ ረጅም አዳራሽ። ሚናራ፦ የሶላት ጥሪ የሚሰማበት ግንብ። ሚህራብ፦ ሰጋጆች የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ ማለትም ቂብላን፣ የሚያሳይ በግድግዳ ውስጥ የተሠራ ጎድጓዳ። አንዳንዱ ደግሞ እንቅልፍ ነሣት። በባዚሊካው ጫፍ ያለውን፣ ጣሪያው እንደ ግማሽ ቅል የተደፋውን ቦታ ምን ትበለው? አራት ቀን አውጥታ አውርዳ "ግማሽ ክብ ጓዳ" አለችው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘችም። ጨርሳ ለማተሚያ ቤቱ ስትልክ ከትከሻዋ ላይ ድንጋይ የወረደላት መሰላት።

በሳምንቱ የሙከራ ኅትመቱ መጣ። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ወንበር ፈለገች።

ሚህራብ ምኩራብ ሆኗል። ቂብላ ቅበላ ሆኗል። መስጊድ ውስጥ ሰባኪው ወጥቶ የሚናገርበት ባለደረጃ መድረክ፣ ሚንበር ብላ የጻፈችው፣ መንበር ሆኗል። ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ከጠጠር ስለሚሠራው ሞዛይክ በጻፈችበት፣ "ግድግዳው ከባለቀለም ጠጠሮች በተሠራ ሙዚቃ ተሸፍኗል" ይላል። በእርጥብ ልስን ላይ የሚሳለው ፍሬስኮ ደግሞ ፍሬቻ ተብሏል።

ማታ ቤቷ ገብታ ለባሏ አነበበችለት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። "ፍሬቻ እንኳ እኔ ዘንድ ነበር" አለ፤ "ከሰሞኑ የግራው አልበራ ብሎኝ ነበር፤ ለካስ እናንተ ወስዳችሁት ነው።" እሷ አልሳቀችም። ሳህኑን ከፊቱ አነሣችበት፤ ገና አልጨረሰም ነበር።

ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ አርማ፣ ከእያንዳንዱ ጎን "እንደነበረ ይሁን" ብላ ጽፋ መለሰች። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛው ሙከራ መጣ። ሙዚቃውና ፍሬቻው ተነሥተዋል። ምኩራቡ፣ ቅበላውና መንበሩ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ከመንበሩ ጎን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "በቋንቋችን ቃል እያለ ከሰው አንበደርም" የሚል ተጨምሯል።

ያን ቀን የምሳ ሰዓቷን ትታ ማተሚያ ቤቱ ሄደች።

አራሚው ሠራተኞቹ "ምላጭ" የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው የገባ ጽሑፍ ሳይላጭ አይወጣም። ከማተሚያ ማሽኖቹ ጀርባ፣ በቀለም በጠቆረ በር ውስጥ፣ ወረቀት እስከ ጉልበት በተከመረበት ጠባብ ክፍል ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይስሙኝ" አለች እንደ ቆመች። "ሚህራብና ምኩራብ አንድ አይደሉም። ምኩራብ የአይሁድ ጸሎት ቤት ነው። እርስዎ ባረሙት መሠረት መስጊዱ ግድግዳ ውስጥ ምኩራብ ተቆፍሯል።"

"ተቀመጪ ልጄ።"

"አልቀመጥም። ቂብላስ? ቅበላ ብለውታል። ጎድጓዳው ተማሪ ይመዘግባል?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "እሱን ልተውልሽ እችላለሁ" አሉ ተረጋግተው። "ምኩራቡንም እንደዚያው። መንበሩን ግን አልለቅም። ሚንበር ከመንበር የወጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ታውቂያለሽ አይደል?"

ማወቁንማ ታውቃለች። ያናደዳትም እሱ ነው፤ ፈጽሞ የተሳሳተ ሰው ቢሆኑ መልስ ሰጥታ ትወጣ ነበር።

"ቢወጣስ ጋሼ? ልጅ ከእናቱ ስለወጣ በእናቱ ስም ይጠራል? መንበር ሲባል ጎብኚው ወንበር ነው የሚመጣበት። ይሄ ሰው ወጥቶ የሚናገርበት ደረጃ ነው።"

"ላዩ ላይ መቀመጫ የለውም?"

"አለው።"

"እንግዲያው?"

አስጎብኚዋ ግንባሯን ያዘች። ቀጥሎ የተናገረችውን አስባ አልተናገረችውም። "ለመሆኑ ዕቃውን አይተውት ያውቃሉ?"

አላዩትም። አርባ ዓመት ሙሉ የሙዚየሙን ወረቀት ሁሉ ሲያርሙ በሩን አልፈው አያውቁም። "ማን ጠርቶኝ" አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ግን ቅሬታ አልነበረም፤ ዝም ብሎ እውነቱ ነው።

በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አስጎብኚዋ ቶሎ ቶሎ አስጎብኝታ ልትገላገላቸው አስባ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተጣደፉም። ሞዛይኩ ፊት ቆመው በጣታቸው አየር ላይ ጠጠሮቹን ቆጠሩ። ግማሽ ክብ ጓዳው ስር ገብተው ሳል አሉ፤ ድምፃቸው ተጠራቅሞ ተመለሰላቸው። "ጓዳ" አሉ። "ጥሩ ነው። አልነካሁብሽም አይደል?" እውነትም አልነኩም ነበር። እሷ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስተዋለችውም።

ሚንበሩ ፊት ሲደርሱ ከታች እስከ ላይ አዩት። ከእንጨት የተጠረበ፣ ዘጠኝ ደረጃ ያለው፣ ጎንና ጎኑ በሐረግ ቅርጽ የተሞላ ነው። "ይሄማ መውጫ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ወጥቶ ለመታየት የተሠራ። መንበር ግን ያው የሚቀመጡበት ነው።" ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል ለወጡ። አስጎብኚዋ ትንፋሿን ለቀቀች።

ትንሽ ቸኩላ ነበር። ሽማግሌው ከሚህራቡ ፊት ቆመው ወረቀቱን ያነቡ ጀመር።

"'ቂብላን ያሳያል' ትያለሽ።"

"አዎ።"

"ይሄ ከፈረሰ መስጊድ ተነቅሎ የመጣ አይደለም?"

"ነው።"

"እዚህ ሲተከል አቅጣጫውን የለካ አለ?"

አስጎብኚዋ ሚህራቡን አየች። ከሚህራቡ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አየች። ከግድግዳው ጀርባ ያለው የኃላፊው ቢሮ ነው። ሠራተኞቹ የተከሉት መብራቱ በሚመችበት በኩል ነበር፤ ሲተክሉት ቆማ ያየችውም እሷው ራሷ ነች።

"የሚሰግድ ሰው መጥቶ ጽሑፍሽን ቢያምን" አሉ ሽማግሌው፣ "ለአለቃሽ ሊሰግድልሽ ነው።"

ፊቷ ጋለ። ሰሞኑን ሁሉ ስለ ፊደል ስትከራከር የከረመችው ሴት፣ ትልቁን ስህተት የጻፈችው ራሷ ሆና ተገኘች። ያውም ያረሟት እሳቸው። እርሳሱን ከእጃቸው ተቀብላ፣ ሚህራቡ ከቦታው የተነሣ ስለሆነ አሁን የቆመበት አቅጣጫ ቂብላ አለመሆኑን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። እሳቸው አንብበው አንድ ነጠላ ሰረዝ አስገቡባት።

መጽሐፉ አዳራሹ በሚከፈትበት ዋዜማ ደረሰ። ገጽ በገጽ አገላበጠችው፤ ሁሉም በቦታው ነው። ስትቆጥራቸው ግን ቃላቱ አርባ አንድ ሆኑ። ደግማ ቆጠረች። ከ"መ" ተራ ውስጥ እሷ ያልጻፈችው አንድ ቃል ገብቷል፦ "መንበር፦ የክብር መቀመጫ። ሚንበር የሚለው ቃል ከዚህ ሳይወጣ እንዳልቀረ የሚናገሩ አሉ።" ስልክ አንሥታ ልትደውል ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ነካች፤ ከዚያ ተወችው። ዓረፍተ ነገሩ ላይ ስህተት ፈልጋ አጥታበታለች፤ ከዚህ በላይ የሚያበሽቅ ነገር በዕድሜዋ አልገጠማትም።

ከመክፈቻው በኋላ ኃላፊው ደስ ብሎት ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ቀጣዩ የጥንት ብራና መጻሕፍት ክፍል ነው፤ ስልሳ ቃላት ይበቃል፤ ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ?

"እሠራለሁ" አለች። "ግን አራሚው ከመጻፌ በፊት መጥተው ክፍሉን ይዩት። ከጻፍኩ በኋላ ከሆነ አንዳችን ሳንሞት አያልቅም።"

ኃላፊው ሳቀ፤ እሷ ግን ከልቧ ነበር።

ሽማግሌው በቀጠሯቸው ቀን ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጡ። አስጎብኚዋ ልትቀበላቸው ስትወርድ ገና አልገቡም። ከበሩ ውጭ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከመግቢያው በላይ ያለውን ትልቁን የሙዚየሙን ስም ቀና ብለው እያዩ ቆመዋል።

"ልጄ" አሉ ዓይናቸውን ሳያወርዱ፣ "ቤተ መዘክር የሚል ቃል እያለን ይሄ ምንድን ነው?"

አስጎብኚዋ በሩን በሰፊው ከፈተችላቸው። "ይግቡ ጋሼ" አለች። "እሱን ወደ ማታ እንነጋገርበታለን።"